የቅዳሜው ቀጠሮ

ሰውየው ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ቦርጭ አለው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የወንድ ልጅ አባት ሆኗል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሰፈሩ አሁንም «ትንሹ» ነው የሚለው። ምን ያድርግ? እዚያው ፀጉር ቤት፣ እዚያው መስታወት ፊት፣ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ወንበር አባቱ አርባ ዓመት ቆመዋል። «ትልቁ» እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው እያሉ ደግሞ እሱ ከትንሽነቱ የሚሻርበት መንገድ የለም።

ትልቁ የሚሠሩት በመቀስና በማበጠሪያ ብቻ ነው። የልጃቸው ቶንዶስ ሲጮህ በሰሙ ቁጥር «የበግ መሸለቻህን ቀስ አድርገው» ይላሉ። ትንሹ ደግሞ ያለ ቶንዶስ እጁ አይፈታም። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው ሲውሉ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ዓይናቸው ደንበኛው ጭንቅላት ላይ፣ ወሬያቸው መስታወቱ ውስጥ ነው። ትልቁ በመስታወቱ ውስጥ ቅንድባቸውን ካነሱ ትንሹ ፎጣ ያቀብላል፤ ከንፈራቸውን ከነከሱ ሬዲዮውን ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ ዓመት ለአባቱ «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ትዳር ሲይዝ እንኳ «እሺ አባዬ» ብሎ ነው የያዘው፤ ደግነቱ ልጅቱን ቀድሞ የመረጣት እሱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሱቁን ከፍተው ወለሉን ጠርገው ሳይጨርሱ። ትልቁ ፎጣ እያጠፉ፣ እንደ ዋዛ፣ ክሊኒክ ደውለው ለሕፃኑ ቀጠሮ መያዛቸውን ተናገሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልክ በስምንተኛ ቀኑ ይገረዛል። ሱቁስ ቢባሉ «ይዘጋል» አሉ። እንግዲህ ፀጉር ቤት ለማያውቅ ሰው ቅዳሜ ምን ማለት እንደሆነ ልንገረው፤ ወንበሩ የማይቀዘቅዝበት፣ ሰው ደጅ ላይ ተሰልፎ «እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት» እየተባባለ የሚናቆርበት፣ ቁጭ ብሎ ውሃ መጠጣት የማይታሰብበት ቀን ነው። ትልቁ ሚስታቸውን በቀበሩበት ሳምንት እንኳ ቅዳሜን አልዘጉም። ትንሹ ይህን ሲሰማ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው።

«አንተ ትይዘዋለህ» አሉት። «እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

በዚህ ቤተሰብ ወንድ ልጅ ሲገረዝ ጭኑ ላይ አድርጎ የሚይዘው አባቱ ነው። ሐኪም ይኑር፣ ነርስ ይኑር፣ አልጋ ይኑር፣ ያዡ አባት ነው፤ ደንባቸው ነው። ትልቁም ትንሹን እንዴት አድርገው እንደያዙት፣ እጃቸው እንዳልተንቀጠቀጠ፣ ልጁም «እህ» ብቻ ብሎ ዝም እንዳለ ለደንበኛ ሁሉ ሲተርኩ ኖረዋል። ፀጉሩን ሊቆረጥ የገባ ሰው የትንሹን ግርዛት ሳይሰማ አይወጣም። በጎረምሳነቱ ስንት ጊዜ መጥረጊያ ይዞ ወደ ጓዳ እንደሸሸ ቤት ይቁጠረው።

«እሺ አባዬ» አለ ትንሹ። አፉ ለምዶበታል። ልቡ ግን እሺ አላለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ስለማያውቅ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ምን እንደነካው እንኳ ሳይገባው ቆየ።

የገባው ለምሳ ቤት ሲሄድ ነው። ቤታቸው ከሱቁ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ሁለት መስኮት፣ አንዱ ፀሐይ የሚያሳይ፣ አንዱ የጎረቤት ግድግዳ የሚያሳይ። ባለቤቱ አልጋው ላይ ፎጣ ዘርግታ የሕፃኑን ዳይፐር ትቀይራለች። ስም እስኪወጣለት ድረስ «እንግዳው» ነው የሚሉት፤ የክብር እንግዳ እንደመሆኑም ቤቱን በአንድ እግሩ አቁሞታል። ትንሹ ጎንበስ ብሎ አየው። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተሰብስበዋል፣ ጣቶቹ የራሱን ጆሮ ይፈልጋሉ። ምንም የጎደለው፣ ምንም የተረፈው ነገር የለም። እዚያው ቆሞ «አልፈልግም» አለ ጮክ ብሎ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ለራሱም ገረመው።

ባለቤቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ በቀን መቶ ወላጅ የምታስተናግድ ሴት ስለሆነች በቀላሉ አትደነግጥም። ምኑን እንደማይፈልግ ጠየቀችው፤ ነገራት። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሟ ያለችውንም አነሱ። ያን ቀን ትንሹ ሐኪሟን ሦስት ጊዜ ነበር የጠየቃት፤ ትእዛዝ እንድትሰጠው ፈልጎ ነው። እሷ ግን የሚያስገርዝም የማያስገርዝም እንዳለ፣ ጥቅምም ጥቂት ስጋትም እንዳለው፣ ልጁ ጤነኛ ስለሆነ የሚያጣድፍ ነገር እንደሌለ፣ ካደረጉት ግን በንጹሕ ቦታ በባለሙያ እጅ እንዲሆን ነግራው ወደ ሌላ እናት ዞረች። ውሳኔው የእናንተ ነው አለች። ለሌላ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለትንሹ ዱብ ዕዳ ነበር።

«እኔ ልቤ ባይሆን ይላል» አለች ባለቤቱ ዳይፐሩን እያሰረች። «ቢሆንም ልጁ ይድናል፣ እኔም አኩርፌ አልቀርም። አባባን እምቢ ስትል የምታጣቸው ግን አንተ ነህ። ስለዚህ አንተ ወስን፤ ብቻ ፈርተህ አትወስን።»

ሴትዮዋ ነገሩን በዚህ ጨርሳ ልጇን ማጥባት ጀመረች። ትንሹ ምሳውን ሁለቴ ጎርሶ ተወው።

እስከ ረቡዕ ሆዱ ውስጥ ይዞት ዞረ። ረቡዕ ዕለት አንድ ብልሃት የመጣለት መሰለው፤ የሰዉን ሐሳብ በዘዴ ልጠይቅ፣ አባዬም በዚያው ይሰማል ብሎ አሰበ። በእሱ ወንበር አንድ ታክሲ ነጂ፣ በትልቁ ወንበር አንድ የሒሳብ መምህር ተቀምጠው ነበር። ጉሮሮውን ጠራርጎ «አንድ የማውቀው ሰው አለ» ብሎ ጀመረ፤ ሰውየው ወንድ ልጅ እንደተወለደለት፣ ሊያስገርዘው እንዳመነታ፣ ምን ብሎ እንደሚመክረው እንደቸገረው ተረከ። ያ የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ በሱቁ ውስጥ ያልገባው ሬዲዮው ብቻ ነው።

ታክሲ ነጂው ሳቁን አፍኖ፣ ሦስት ወንዶች ልጆቹን ባንድ ቀን አስገርዞ ሦስቱም ሳምንቱን እንደ ዳክዬ ሲራመዱ እንደከረሙ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም እንዳልሆኑ አወራ። መምህሩ ደግሞ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አንዱ ተገርዞ አንዱ አለመገረዙን፣ ሒሳብ ግን ሁለቱም እኩል እንደማይገባቸው ተናገሩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ትንሹም ቀለል አለው፤ ነገሩ እንዲህ በሳቅ ያልቅ ይሆናል ብሎ ወደ መስታወቱ ቀና ሲል አባቱ አይስቁም። መቀሳቸውን አየር ላይ አቁመዋል።

«የዚያ ሰውዬ አባት በሕይወት አለ?» አሉ።

«አለ» አለ ትንሹ፣ ድምፁ እየቀጠነ።

«እንግዲያ አባቱ ካለው ሌላ ምን ይጠይቃል? እኔ ብሆን፣ ቃሌን ንቆ ልጁን እንዲሁ ካስቀረው፣ ደጃፉን አልረግጥም። ያንንም ልጅ አላቅፍም።»

መምህሩ ሲወጡ ትንሹን ትከሻውን ቸብ አድርገው፣ ለዚያ ለሚያውቀው ሰው ሰላምታ እንዲያደርስላቸው አደራ አሉት።

መቼም ትልቁ የተናገሩትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ከአንድ ደንበኛ ጋር ተኳርፈው፣ ሰውየው በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ሲያዞሩ ኖረዋል፤ ያውም ሌላ ቦታ የሚቆረጠውን የተበላሸ ፀጉር እያዩ ሆዳቸው እያረረ። እንግዳው ደግሞ የእናቱ ወላጆች አርፈዋል፤ አያት ብሎ የሚጠራው ሌላ ሰው የለውም። እሺ ቢል ትንሹ ቅዳሜ ልቡ ሳይፈቅድ ልጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሊይዝ ነው፤ እምቢ ቢል ልጁ ያለ አያት ሊያድግ፣ እሱም ከአባቱ ጎን እንደ ባዳ ቆሞ ሊውል ነው። ሁለቱን ሲያመዛዝን ራሱ ዞረበት።

ሐሙስ ለምሳ ሲገባ አዲስ መላ ይዞ መጣ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። ቅዳሜ ልጁን ይዞ ክሊኒክ ይገባል፣ አባቱ በር ላይ ይቆማሉ፣ እሱ ውስጥ ሐኪሙን እጅ ነሥቶ አንድ ጥቅል ፋሻ ይለምናል፣ ፋሻውን ጠምጥሞ ይወጣል። አባዬም ደስ ይላቸዋል፣ ልጁም እንዳለ ይቀራል። ባለቤቱ ሰምታው ሰምታው ሰሃኑን አስቀመጠች።

«ከዚያስ? እስኪያገባ ድረስ ዳይፐር ልታስርለት ነው?»

ትንሹ አፉን ከፍቶ መልስ ሲፈልግ እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ የሐሳቡ ቂልነት ወለል ብሎ ታየው። ዕድሜ ልኩን ከልጁ ጋር ለሚኖር ነገር ውሸት አይሆንም። በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ለአባቱ በአፉ ሊነግራቸው ቃል ገባላት።

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ፀጉር ይቆርጣሉ። የፀጉር ቆራጭ ጎፈሬ እንደ ሌባ ዳኛ ነው ይላሉ ትልቁ፣ ማንም አያምነውም። መጀመሪያ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ትንሹ ጨርቁን አልብሶ አንገታቸው ላይ ከወትሮው ጠበቅ አድርጎ አሰረው፤ ተነሥተው እንዳይሄዱበት ያግዛል ብሎ። መቀሱን አነሳ፤ ቶንዶስ ራሳቸውን አያስነኩም።

የቀኝ ጎናቸውን ጨረሰ፤ አልተናገረም። በግራ በኩል ሊጀምር ሲል ሌላ ሐሳብ መጣለት፤ ያንን ሺህ ጊዜ የሰማውን የአያያዝ ታሪክ ላስጀምራቸውና በዚያው ወደ ነገሩ ልግባ አለ።

«አባዬ፣ እኔን እርስዎ ያዙኝ። እርስዎንስ ማን ያዘዎት?»

መስታወቱን ሲያይ አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አስቀየምኳቸው ብሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲል ትልቁ በሩ መቆለፉን ጠየቁት። ተቆልፏል። መጋረጃውስ? ተጋርዷል። ሬዲዮውን አጥፋው አሉት፤ አጠፋው።

«ማንም» አሉ። «ማንም አልያዘኝም። እኔ አልተገረዝኩም።»

ትንሹ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር መቀስ ተይዞ የሚሰማ አይደለም።

ትልቁ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ነገሩት። አባታቸው ያረፉት እሳቸው ሊወለዱ ሦስት ወር ሲቀር ነው። ያዡ አባት ነው በሚባልበት ቤት፣ አባት የሌለው ልጅ ማን ጭን ላይ ይጋደም? አጎቱ ይምጣና ይያዘው ተባለ። አጎትዬው የጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ስድስት ዓመት አለፈ። ሲመጣ ልጁ የሚሮጥበት እግር አውጥቷል፤ የመጣበትን ጉዳይ ሲሰማ ዛፍ ላይ ወጣና አልወርድም አለ። ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው አጎትዬው መኪናውን አስነሥቶ ሄደ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። በኋላ ወንዝ ወርደው ሲዋኙ ልጆቹ አዩት። «ባለ ኮፍያው» ብለው ስም አወጡለት። ሌሎቹ ልብሳቸውን ጥለው ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሱ ዳር ላይ ልብስ ጠባቂ ሆነ። ስሙ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላውና ያንን ቦታ ለቆ እስኪሄድ ድረስ ተከተለው። ከጎለመሱም በኋላ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደው ሁለቴም ከበር ተመልሰዋል።

«ከዚያ ወዲህ ኮፍያ አድርጌ አላውቅም» አሉ። «ብርድ ሲገድለኝም።»

ትንሹ ይሳቅ ያልቅስ ግራ ገባው፤ ሁለቱም ባንድ ላይ መጡበት። እናቱ ታውቅ እንደነበር ጠየቀ። ታውቅ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን እንኳ አልቀለደችባቸውም። ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ትንሹ በተወለደ ጊዜ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ቀጠሮ የያዙት ለዚህ ነው። ለየደንበኛው ሲተርኩ የኖሩትም ለዚሁ ነው፤ ስለያዙት ልጅ እስካወሩ ድረስ ስላልተያዘው ልጅ ማንም አይጠይቅም። ተጠይቀውም አያውቁም፣ እስከዛሬዋ ዓርብ ድረስ።

«ልጅህ ላይ ማንም እንዲስቅ አልፈልግም» አሉ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ አንተ ብቻህን ስትቆም ምን እንደሆነ አታውቀውም። እኔ ነኝ የማውቀው።»

ትንሹ ሌሊት ያጠናውን ንግግር ሁሉ ረሳው። አባቱ ክፉ መስለውት ሳምንቱን ሙሉ ሲፈራቸው ከርሞ፣ ለካስ ከሱ ይልቅ ፈርተው የነበሩት እሳቸው ናቸው። ወንበሩን ወደ ራሱ አዞረና ጎንበስ አለ።

«አባዬ፣ እኔ ላስገርዘው አልፈልግም» አለ። «ነገ አልወስደውም። ሲያድግ እሱ ከፈለገ ራሱ ይወስን። ብቻውን ግን አይሆንም፤ እርስዎ አሉለት። የሚስቅበት ቢመጣ፣ አያቴም እንደኔ ናቸው ይላል። እርስዎ ካልደበቁት ማለቴ ነው።»

ይህን ብሎ በራሱ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እምቢ ሲላቸው የመጀመሪያው ነው፤ «ደጃፍህን አልረግጥም» የሚለውን ቃል ይጠብቃል። ትልቁ ከጨርቁ ሥር እጃቸውን አውጥተው ስልካቸውን ፈለጉ፣ ቁጥሩ አልታይ ሲላቸው የትንሹን መነጽር ከፊቱ ላይ ወስደው አደረጉና ክሊኒኩ ደወሉ። የቅዳሜው ቀጠሮ ይሰረዝልኝ አሉ። በዚያኛው ጫፍ ምክንያት ሳይጠየቁ አልቀሩም።

«ቅዳሜ ፀጉር ቤት ሥራ ይበዛል» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ተነሡ። የግራ ጎናቸው አልተቆረጠም፣ ጨርቁም አንገታቸው ላይ እንደታሰረ ነው። ትንሹ «ቆይ ልጨርስዎት» ቢል ማን ሰምቶት። ደጅ ላይ መከፈቱን የሚጠብቅ አንድ ደንበኛ ነበር፤ ኋላ ና ብለውት አለፉ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ተጋምሶ እንዲወጣ ያልፈቀዱ ሰው፣ ራሳቸው ተጋምሰው በጠዋት ፀሐይ መሐል መንገዱን ያዙት። ታክሲ ነጂው አያቸውና ጥሩምባውን ነፋ፤ እጃቸውን አነሱለት። ትንሹ ያለ መነጽሩ እየተደናበረ፣ ከት ብሎ እየሳቀ ከኋላ ይከተላል።

ቤት ሲደርሱ ባለቤቱ ዳይፐር ልትቀይር ፎጣውን ዘርግታ፣ እንግዳውን ከነእርቃኑ አጋድማው ነበር። የአማቷን ግማሽ ራስ፣ የታሰረውን ጨርቅ፣ አፍንጫቸው ላይ የተሰካውን የባሏን መነጽር አየች፤ ምን ተፈጠረ ብላ ባሏን በዓይኗ ጠየቀችው። ባሏ ግን ያለ መነጽሩ ዓይኗን አላየም። ሽማግሌው ለማንም ምንም ሳይሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክከው ልጁን ከላይ እስከ ታች በደንብ አዩት። እሱም እግሩን እያወራጨ አያቸው።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ባልንጀራዬ» አሉት። «ስልሳ ስምንት ዓመት ጠበቅኩህ።»